በምርጊቱ ላይ የቀረ አውራ ጣት

ስለ ባሌ ቤተሰብ አንድም ቃል እንደማልጽፍ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ቃሌን የማፈርሰው እነሱ ስለ እኔ ሲያወሩ ዕድሜያቸውን ስለጨረሱ ነው፤ እኔም በተራዬ አንድ ጊዜ ብናገር አይበዛብኝም። አምና ሁዳዴ ሊገባ ሲል የሆነው ነገር ባይሆን ኖሮ ግን ይህንንም እንደ ሌላው ይዤው መቃብር እወርድ ነበር።

ፍኖተ ሰላም የምኖር ጡረተኛ ነኝ። በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የሠራሁት። የተሸኘሁ ዕለት ኃላፊያችን ተነሥቶ "ወይዘሮ ይታይሽ በዚህ ቤት የማይጠፋ አሻራ አኑረዋል" ብሎ ንግግር አደረገ። ወንበሬ ሳይቀዘቅዝ ሌላ ሰው አስቀመጡበት። አልከፋኝም። አሻራ ሲባል እኔ የማስበው ሌላ ነገር ነው፤ እኔን ከቤቴ ያስወጣኝ የአንድ አውራ ጣት አሻራ ነውና።

የተዳርኩት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር መንደር ነው። አማቴ እማማ ውድነሽ ጾም አዋቂ፣ ቤት አያያዝም አዋቂ ነበሩ፤ ሰው አያያዝ ግን አያውቁም። ሁዳዴ ሊገባ ሲል የቅቤውን ማሰሮ አፉን በጨርቅ ይሸፍኑና ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ለውሰው ይመርጉታል። ምርጊቱ ሳይደርቅ መሀሉ ላይ አውራ ጣታቸውን ጫን ያደርጋሉ። "ይኸ የኔ ማኅተም ነው። እስከ ፋሲካ ዋዜማ የነካው ወዮለት" ይላሉ። በሌላ ቤት እንዲህ ሲደረግ አላየሁም።

በተዳርኩ በሁለተኛው ሁዳዴ የመጀመሪያ እርግዝናዬ ሳይደርስ ወረደብኝ። ደም ፈሰሰኝ፣ ትኩሳት ያዘኝ። እንደ ሌላ ሴት አራስ ተብዬ ቅቤና ገንፎ ይሰጠኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አማቴ ግን "ያልወለደች ሴት ምን አራስነት አላት? ጾሙን ትጹም" አሉ። ባሌ ሰማ፤ ዝም አለ። በዚያ ቤት እንዴት አደርሽ ብሎ የሚጠይቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። የባሌ ታናሽ እህት አትጠገብ ናት። ገና ለጋብቻ ያልደረሰች ልጅ ነበረች። ቅዳሴ ሲወጣ አጥሚት ይዛልኝ ትመጣለች። ጭንቅላቴን ደግፋ ታጠጣኛለች። አፌ ከትኩሳቱ የተነሣ እሬት እሬት ይለኝ ስለነበር የምጠጣውን አላጣጥመውም፤ ደግነቷን ነበር የምጠጣው። ቀስ እያልኩ ተነሣሁ።

የፋሲካ ዋዜማ ማሰሮው ወረደ። ጎረቤት ሴቶች ዶሮ ሊያግዙ መጥተዋል። አማቴ ምርጊቱን ሊሰብሩ እጃቸውን ሰንዝረው ቆሙ።

"ይኸ የኔ ጣት አይደለም" አሉ።

የእሳቸው አውራ ጣት ሰፊ ነው። ምርጊቱ ላይ ያለው ቀጭን። ዙሪያውን ፈልቅቀው ጨርቁን ሲያነሱት ቅቤው በጣት እየተዛቀ ተጎርጉዷል። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አማቴ አዲስ ጭቃ አስለወሱና "ጣትሽን አምጪ" አሉኝ። ከአሮጌው አጠገብ አተምኩ። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው አዩና "ልኳ ነው" አሉ። አትጠገብን ማንም ጣትሽን አምጪ አላላትም። ማጭድ ቆርጧት አውራ ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር፤ ደግሞም ልጅ ናት።

እኔ ግን አንድ ነገር አይቼ ነበር። በአሮጌው አሻራ ላይ አግድም የምታልፍ ቀጭን መስመር አለች፤ ጫፏ ላይ እንደ ወፍ እግር ትከፈላለች። "ይቺ መስመር የኔ ጣት ላይ የለችም" አልኩ።

"ጭድ ናት" አሉኝ። ጭቃው ውስጥ በእርግጥ ጭድ ነበረበት። "በእመቤቴ በማርያም፣ ቅቤ በአፌ አልዞረም" ብዬ ማልኩ። ያመነኝ የለም።

ቅቤ መስረቅ አንድ ነገር ነው፤ በሁዳዴ ቅቤ መብላት ሌላ ነው። የንስሐ አባታችን ቀኖና ሰጡኝ፤ በዚያ በተዳከመ ጉልበቴ ሰገድኩ። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ "ቅቤ በሁዳዴ መጣች" ይላሉ፤ የሰርግ ዘፈን ውስጥ ሳይቀር አስገቡኝ። እነማን እንደሆኑ ስማቸውን አልጠራም፤ ያሉት ያነቡታል። ክረምቱ ሲወጣ ባሌን "ወይ ፍኖተ ሰላም ወይ አባቴ ቤት" አልኩት። ፍኖተ ሰላም ገባን። በማታ ትምህርት ፊደል ቆጠርኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ልጆች ወለድኩ። አማቴ ቃላቸውን ሳያነሱ ሞቱ፤ ባሌም አንድ ቀን እውነቱን ሳይጠይቀኝ ተከተላቸው።

አትጠገብ ግን አልተወችኝም። እዚያው መንደር አግብታ ወለደች። በየፋሲካው በሰው እጅ ቅቤ ትልክልኛለች። ከዚያ ቤት የመጣ ቅቤ ጉሮሮዬን ስለማይወርድ ለጎረቤት እሰጠዋለሁ። እሷን ግን እወዳታለሁ፤ አልከሰሰችኝማ።

አምና መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት የዲጂታል መታወቂያ ልታወጣ መጣች። በእጇ የቅቤ ቅል፣ በጀርባዋ የቡሬ በርበሬ። "እትዬ፣ ቡሬ ማሽኑ ተበላሽቷል ቢሉኝ መጣሁብዎ" አለች። እኔም አላወጣሁም ነበርና ቅዳሜ ጠዋት አብረን ሄድን።

ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ብዙ ሰው ተሰልፏል። ወረፋው ሲደርስ አትጠገብ ቀድማኝ ተቀመጠች። መዝጋቢዋ ወጣት ልጅ ናት፤ ትሕትናዋ ደስ ይላል።

"እማማ፣ አውራ ጣትዎን እዚህች መስታወት ላይ ጫን ያድርጉልኝ።"

አደረገች። ማሽኑ እምቢ አለ።

"እንደገና እማማ።"

"ልጄ፣ በርበሬ ሲቀነጥስ የኖረ ጣት ነው፤ ማሽንሽን እንዳያስነጥሰው" አለች አትጠገብ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ።

ልጅቱ ጣቷን በጨርቅ ጠረገችላትና ደግማ አስጫነቻት። ያን ጊዜ መስኮት የሚያክል የአውራ ጣት ምስል የኮምፒውተሩ ማያ ላይ ወጣ። "ጠባሳ አለብዎት እንዴ? ይኸውልዎት፣ ይቺ ነጭ መስመር" ብላ ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረችው።

አግድም የምታልፍ ቀጭን መስመር። ጫፏ ላይ እንደ ወፍ እግር ተከፍላለች።

"ማጭድ ነው የኔ እናት" አለች አትጠገብ። "ልጅ ሆኜ በሁዳዴ ለጥጃ ሣር ሳጭድ።" የመጨረሻውን ቃል ስትል ድምፅዋ ቀጠነ። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እኔ ቶሎ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ተራዬ ደረሰ። ጣቴን ባስቀመጥኩበት ቅጽበት ማሽኑ ተቀበለኝ። "የእርስዎ ደግሞ ንጹሕ ነው እማማ፤ ምንም የለበትም" አለችኝ ልጅቱ። ያን ጊዜ ከማሰሮው አጠገብ ቆሞ ይህን የሚልልኝ ሰው አጥቼ ነው አገር የለቀቅሁት።

በባጃጅ ስንመለስ ትከሻዋ ትከሻዬን ይነካል። በውስጤ ግን ነገን እያሰናዳሁ ነበር። እሑድ የቅበላ ምሳ እኔ ቤት ነው፤ ልጆቼም ከቡሬ የሚመጡ የባሌ ዘመዶችም ይሰበሰባሉ። ከእነሱ አንዱ የባሌ አጎት ልጅ አያ ደርሶ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ እግራቸው ቤቴን በረገጠ ቁጥር "ቅቤውን ሸሽጉ፣ ይታይሽ መጣች" ሳይሉ አይቀመጡም። በገዛ ቤቴ። ልጆቼ ይህን እየሰሙ ነው ያደጉ። ስለዚህ ነገ በሁሉም ፊት ማሰሮ እመርጋለሁ፤ አትጠገብን ጣትሽን አምጪ እላታለሁ፤ መስመሯ ስትወጣ ታሪኩን እነግራቸዋለሁ። አርባ ዓመት ያህል የተሸከምኩትን ስም እዚያው ለባለቤቷ አስረክባለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጓሮ ወጥቼ በሳፋ ጭቃ መለወስ ጀመርኩ። ጭዱን ከጎረቤት ለመንኩ። አትጠገብ መጥታ ቆመችብኝ።

"እትዬ፣ ምን ሊያደርግልዎ ነው?"

"ማሰሮ ልመርግ።"

"በፍሪጅ ዘመን?"

"በፍሪጅ ዘመን።"

ነጠላዋን ሰብስባ እንጨቱ ላይ ተቀመጠች። "ማያው ላይ አይተዋል" አለች።

"ምኑን?"

"እትዬ ይተዉ። እርስዎ ሲያዩ እኔ እርስዎን አይቻለሁ።"

ጭቃውን መለወሴን አላቆምኩም።

"እኔ ነኝ" አለች። "ምርጊቱን ፈልቅቄ ከፈትኩ፣ መልሼ መረግሁ። በእማዬ ጣት ፈንታ የራሴን አተምኩ። ቁስሉ ገና ትኩስ ስለነበር ጭቃው አንገበገበኝ።"

"በሁዳዴ ቅቤ አማረሽ?"

"እኔን? እኔ አልቀመስኩትም።"

"ታዲያ የት አደረስሽው?"

"የት ላድርሰው እትዬ? እርስዎ ሆድ ውስጥ ነዋ።"

ያን ጊዜ እጄ ቆመ።

"እማዬ ለጎረቤታችን 'ሆሣዕናን አታይም' ስትል ሰማኋት። እርስዎን ነው። ይሞታሉ ብዬ ፈራሁ። አራስ የሚያድነው ቅቤ ነው ሲባል ሰምቼ አጥሚቱ ላይ ጠብ አደረግሁበት። አንድ ቀን 'ምን ይሸታል?' አሉኝ፤ 'ተልባ ነው' አልኩዎት። ማሰሮውን እየመላለስኩ መክፈት ስለፈራሁ አንድ ጊዜ ዝቄ ቅል ውስጥ አድርጌ ከላሞቹ ግርግም ሥር ደበቅሁት።"

የተልባውን ነገር አስታወስኩት። እዚያ ጓሮ ቆሜ ያ ሽታ በአፍንጫዬ መጣ።

"በእመቤቴ ምያለሁ እኮ አትጠገብ" አልኳት።

"እኮ። ለዚያ አይደል። መጀመሪያ እማዬን ፈርቼ ዝም አልኩ፤ ያኔ ብናገር ቆዳዬን ትገፈው ነበር። ካደግሁ በኋላ ልነግርዎ ስንት ጊዜ ፍኖተ ሰላም መጥቼ ተመልሻለሁ። ምን ብዬ ልንገርዎ? 'ጾሙን ሽረዋል፣ ሳያውቁ በሐሰት ምለዋል' ልበልዎ? የኔን ሸክም ለማቅለል እርስዎ ላይ ልጨምር?"

"ስድቡን ግን ተሸከምኩልሽ።"

"ተሸከሙልኝ።"

"ቀኖናሽንም ሰገድኩልሽ።"

"ሰገዱልኝ። ለዚያ አይደል በየፋሲካው ቅቤ የምልክልዎ? ይኸ እንኳ ተፈቅዶላቸው ይብሉት ብዬ።"

"ለጎረቤት ነው የምሰጠው።"

አፏን ከፍታ አየችኝ። "የኔን ቅቤ?"

"አዎ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ያላግጡብኛል ብዬ።"

መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ የምታለቅስ መሰለኝ። እየሳቀች ነበር። "የጎረቤትዎ ልጆች ለካ እንዲያ የወፈሩት በኔ ላም ነው" አለች። እኔ አልሳቅሁም። ለመሳቅ ገና ነበርኩ። ጭቃውን እርጥብ ማዳበሪያ አለበስኩትና ወደ ቤት ገባሁ። ራት አቀረብኩላት፤ እግሯን የምትታጠብበት ውሃ አሞቅሁላት። ነገ ምን እንደማደርግ ግን አልነገርኳትም፤ እኔም አላውቀውም ነበር። ብናገር ስሜን አገኛለሁ፤ ባልናገር እሷን።

እሑድ ቤቱ ሞላ። አያ ደርሶ ከዘራቸውን አስደግፈው ገና ሳይቀመጡ "እንዲያው ቅቤው ተሸሽጓል ወይ? ባለቤቲቱ እዚህ ናት" አሉ። ዘመዶቹ እንደ ልማዳቸው ሳቁ። ትልቁ ልጄ ዓይኑን ወደ ሳህኑ ጣለ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ያቺን ዓይን ሳይ አፌ ተከፈተ። አትጠገብ ግን ቀደመችኝ። ተነሥታ ቆመች።

"አያ ደርሶ፣ ያን ቅቤ የዛቅሁት እኔ ነኝ።"

ሳቁ ተቆረጠ። አውራ ጣቷን እንደ ሕፃን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ስለ ምርጊቱ ነገረቻቸው፣ ስለ ጨርቁ፣ ስለ አጥሚቱ። እናቷን እንኳ አልሸፈነችም። "እትዬ አልበላሁም ብለው የማሉት ሳያውቁ ስለ በሉ ነው" አለች። ልጄ ሳህኑን አስቀምጦ አየኝ። ያን አስተያየት ለማንም አልተርክም፤ የራሴ ነው።

አያ ደርሶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ" አሉ፣ "ቅቤው መጨረሻ ላይ የገባው ይታይሽ ሆድ ነው?"

"አዎ" አለች አትጠገብ።

"እኮ፣ በልታለች።"

አንድ ሰው ሳቁን ማፈን አቃተው። ሽማግሌው ግን ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ፤ እኔ ወዳለሁበት መጡና ጎንበስ አሉ። "ይታይሽ፣ በስምሽ እያላገጥሁ አርጅቻለሁ። ይቅር በይኝ።"

"ይቅር ይበለን" አልኩ፤ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎልሽ ሌላ ምን ይባላል።

ቀና ሲሉ "ግን በልተሻል" ብለው በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። ያን ጊዜ ሳቅሁ። ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ምሳው ሲነሣ ማሰሮዬን አመጣሁ። አትጠገብ ያመጣችውን ቅቤ፣ ሰኞ ጎረቤት ሊሄድ የነበረውን፣ እስከ አፉ ሞላሁት። ጨርቁን ሸፈንኩ፣ ጭቃውን ደመደምኩበት፣ በእጄ አለሰለስኩት።

"ጣትሽን አምጪ" አልኳት።

"እትዬ፣ የእርስዎ ቤት አይደል? የሚታተመው የእርስዎ ጣት ነው።"

"ጣትሽን አምጪ አልኩሽ።"

መጣች። እጇን ይዤ አውራ ጣቷን መሀሉ ላይ ጫንኩት። ስታነሣው መስመሯ እንደ ወፍ እግር ተከፍላ ቀረች። ልጆቼ ሁሉ ጎንበስ ብለው አዩ። ጭድ ናት ያለ የለም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ይቅር በሉ ብዬ ልመክራችሁ አልጻፍኩም። ያልማርኳቸው ሰዎች አሉ፤ ምንጭ ላይ የዘፈኑብኝ ይወቁት። ባሌን አልማርኩትም እንዳልል ሞቷል፤ አንድ ቀን "ይታይሽ፣ እውነት ምንድነው?" ብሎ መጠየቅ ግን አያቅተውም ነበር። አማቴን ሳስባቸው ይገርመኛል። ስለ ቅቤው ልክ ነበሩ፤ ቅቤው ሆዴ ውስጥ ነበር። ስለ እኔ ግን ተሳስተዋል። ሁለቱ አብሮ እንደሚሆን እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር። እሳቸው አታሚ፣ እኔ ሌባ፣ አትጠገብ ልጅ፤ እንዲህ አድርጌ ነበር ሁላችንንም በየመደባችን ያስቀመጥኩ።

ስለ መሐላው ጨንቆኝ አሁን ላሉት የንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ፈገግ አሉና "የዚህንስ ቀኖና አስቀድመሽ ጨርሰሻል" አሉኝ። ልቤ ያረፈው ያኔ ነው። በዚያ የደከመ ጉልበት የሰገድኩት ስግደት በከንቱ ነው ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ስበግን ኖሬያለሁና።

እዚህ ቁጭ ብዬ የምጽፈው፣ እነዚያን ልጆች የወለድኩት፣ ምናልባት ግርግም ሥር በተደበቀ ቅቤ ነው። ከመንደር ያስወጣችኝም ያቺው ጣት፣ ከሞት ያተረፈችኝም ያቺው ጣት። የቱን ከየቱ እንደምቀንስ አላውቅም፤ ትቼዋለሁ።

የፋሲካ ዋዜማ አትጠገብ መጥታ ማሰሮውን አብረን ከፈትን። አሻራዋ እንደነበረ ነበር። ከቅቤው ቀድማ የቀመሰችው እሷ ናት፤ እኔ ነኝ ያጎረስኳት። ጎረቤቶቼ "ዘንድሮ ምን አጠፋን?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ሁዳዴ ገብቷል። ማሰሮው ተመርጎ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። እስከ ፋሲካ ዋዜማ የሚነካው የለም። ቢነካም ጣቱን አውቀዋለሁ።